የቺንግና የሚንግ ዘመን የጦር ቀስት ቅጂዎች፦ የቱ ይሻላል? ምን ዓይነት ፍላጻ ይስማማዋል?

ሰገባ21፦

ሰላም ለመድረኩ ሰዎች። የቻይና ወታደሮች ይይዙት የነበረውን ቀስት በዘመናዊ ቁስ የሚሠሩ ሰዎች በዝተዋል፤ አንዱን ልገዛ ነው። ማስታወቂያዎቹ ላይ «ቺንግ»፣ «ማንቹ»፣ «ካይዩዋን»፣ «ሺያውሻው» የሚሉ ስሞች አሉ። ፎቶውን ሳየው ልዩነታቸው የጫፋቸው ርዝመት ብቻ ይመስላል። አራት ነገር ልጠይቅ። በአሠራርና በአወራወር ምን ይለያቸዋል? የፋይበርግላሱን ልግዛ ወይስ ገንዘብ አጠራቅሜ የቀንድና የጅማቱን? ስንት ፓውንድ የስበት ጉልበት ያለው ልያዝ? በኦሎምፒክ ዓይነት ቀስት የምለማመድበት የካርቦን ፍላጻ አለኝ፤ 76 ሴ.ሜ ርዝመት፣ እያንዳንዱ 20 ግራም ገደማ። እሱስ ይሆናል? ያለሁት አቡዳቢ ስለሆነ የሙቀቱንም ነገር ንገሩኝ።

አናጺው፦

ከፍላጻው ልጀምር፤ ቀስቱንም እጅህንም የሚጎዳው እሱ ነው። ያለህ ፍላጻ ለማንቹ ቀስት በሁለት ምክንያት አይሆንም።

አንደኛው ርዝመቱ ነው። የማንቹ ቀስት አገጭ ላይ አይቆምም፤ ከጆሮ አልፎ ነው የሚሳበው። መካከለኛ ቁመት ያለው ሰው ከ81 እስከ 89 ሴ.ሜ ይስባል። በ76 ሴ.ሜ ፍላጻ ያን ያህል ከሳብክ ጫፉ ከመያዣው ወደ ውስጥ አልፎ እጅህ ላይ ወይም የቀስቱ ሆድ (ወደ አንተ የሚያየው ጎን) ላይ ያርፋል። በዚያ ሁኔታ ከለቀቅኸው ወይ ግራ እጅህን ይወጋል፣ ወይ ካርቦኑ ተሰንጥቆ ስብርባሪው ሥጋህ ውስጥ ይገባል። ፍላጻህ ከሙሉ ስበትህ ቢያንስ 4 ሴ.ሜ ይርዘም። በዚህ ላይ ድርድር የለም።

ሁለተኛው ክብደቱ ነው። የማንቹ ቀስት በሁለቱም ጫፍ ከ25 እስከ 30 ሴ.ሜ የሚደርስ የማይታጠፍ እንጨት አለው፤ «ጆሮ» የምንለው። ስትስብ ጆሮው እንደ ማንሻ ሆኖ ያግዝሃል፤ መጨረሻው ላይ ሌላው ቀስት ድንጋይ ሲሆን ይህኛው ይለሰልሳል። ስትለቅ ግን ጆሮው ራሱ ከባድ ነገር ነውና ከአውታሩ ጋር አብሮ መፍጠን አለበት። ፍላጻው ከባድ ከሆነ ጆሮው ጉልበቱን አስረክቦ ይቆማል። ፍላጻው ቀላል ከሆነ ቶሎ ያመልጣል፤ የቀረው ጉልበት ወደ ጆሮው መጋጠሚያ፣ ወደ አውታሩና ወደ ክርንህ ይመለሳል። እጅ የሚያንቀጠቅጠው እሱ ነው። ሲደጋገም የመጋጠሚያው ሙጫ ይላቀቃል።

ልኩን በኪሎ ያዘው፦ ለእያንዳንዱ ኪሎ የስበት ጉልበት ከ1.7 እስከ 2 ግራም ፍላጻ። 45 ፓውንድ 20.4 ኪሎ ነው፤ ስለዚህ ከ35 እስከ 41 ግራም ማለት ነው። የአንተ 20 ግራም ግማሹ ገደማ ነው። የቺንግ ዘመን የጦር ፍላጻዎች ብዙዎቹ ከ90 ሴ.ሜ እስከ 1 ሜትር የሚረዝሙ፣ ክብደታቸውም ከ60 እስከ 100 ግራም የሚደርስ ናቸው። ቀስቱ የተፈጠረው ለዚያ ነው።

ባለአውታር፦

አናጺው ያለውን ይዤ ወደ ስሞቹ ልሂድ።

ቺንግ እና ማንቹ በገበያው አንድ ቀስት ናቸው። ከ1644 እስከ 1912 እ.ኤ.አ. ቻይናን የገዛው የማንቹ ሥርወ መንግሥት ቀስት ማለት ነው። በሙዚየምና በሰብሳቢዎች እጅ ያሉት አሮጌ የቻይና ቀስቶች አብዛኞቹ የዚህ ዘመን ናቸው፤ ስለዚህ ቅጂ ሠሪ በእጁ ይዞ ሊለካው የሚችል ዋና አለ። እውነተኛው ትልቅ ነው፦ አውታሩ ወልቆ በኩርባው ላይ ሲለካ ከ165 እስከ 180 ሴ.ሜ ይደርሳል። ክንፎቹ (ከመያዣው በሁለቱም ወገን የሚታጠፉት ክፍሎች) ሰፊ፣ ጆሮዎቹ ረጃጅም፣ ክንፍና ጆሮ በሚገናኙበት ጉልበት ላይ አውታሩ የሚያርፍበት በርኩማ አለው፣ እንደ ክራሩ። አሁን የሚሸጡት ብዙዎቹ «ቺንግ» ግን 140 ሴ.ሜ አካባቢ ናቸው። መልኩ አለ፣ ልኩ የለም። እንዲህ ያለው ቀስት 84 ሴ.ሜ ላይ ሲደርስ መጠንከር ይጀምራል፤ 89 ሴ.ሜ ከሳብከው ዕድሜው ያጥራል። ስለዚህ መጀመሪያ ሻጩን የምትጠይቀው ፓውንዱን ሳይሆን ርዝመቱንና የስበት ጣሪያውን ነው።

የሚንግ (1368–1644) ቀስቶች ቅጂ ሌላ ጉዳይ ነው። ከዚያ ዘመን በእጅ የቀረ ቀስት በጣም ጥቂት ስለሆነ ሠሪዎች የሚነሡት ከመጽሐፍ ሥዕልና ከጽሑፍ ነው። ካይዩዋን የሚባለው ትልቁ፣ ጆሮው ረዘም ያለው ነው፤ ሺያውሻው ትንሹ፣ አጭር ጆሮ ያለው ነው። ሥዕሉ መልኩን ይሰጣል፤ የክንፉን ውፍረት፣ የጆሮውን ዘንበል፣ የቀንዱን ስፋት ግን አይነግርም። እዚያ ላይ የምታየው የሠሪው ግምት ነው። ጥሩ ሠሪ ይህን በግልጽ ይነግርሃል፤ «ትክክለኛ የሚንግ ልክ» የሚልህን ከየት እንዳመጣው ጠይቀው።

በአወራወር ልዩነቱ ይህ ነው፦ ሺያውሻው ጫፉ ቀላል ስለሆነ ለኪሎ 1.4 ግራም ድረስ ባለ ፍላጻ እየፈጠነ ይሄዳል። ለውድድርና ለዒላማ ልምምድ ይመቻል፤ ለስህተት ግን አይታገሥም። ካይዩዋን መካከለኛ ነው። ማንቹ በከባድ ፍላጻ ካልሆነ ጥቅሙ አይታይም።

ገተር_ሙሉ፦

ይቅርታ አድርጉልኝና 45 ፓውንድ የጦር ቀስት አይባልም። በቺንግ የውትድርና ፈተና የነበሩት ቀስቶች 8፣ 10 እና 12 «ሊ» ነበሩ። አንድ ሊ 6 ኪሎ ገደማ ስለሆነ 48፣ 60 እና 72 ኪሎ ማለት ነው። ሰገባ21 «የጦር ቀስት ቅጂ» ካለ ቢያንስ 35 ኪሎ ላይ ይነሣ።

ባለአውታር፦

ቁጥሮቹ ልክ ናቸው፤ የምታያይዛቸው ነገር ግን ልክ አይደለም። 8፣ 10 እና 12 ሊ የጉልበት መፈተኛ ቀስቶች ናቸው። ተፈታኙ ያለ ፍላጻ ስቦ ጉልበቱን ያሳያል፤ ከ200 እስከ 300 ጂን (ጂን ከግማሽ ኪሎ ጥቂት የሚበልጥ የቻይና መለኪያ ነው) የሚመዝን ድንጋይ ማንሣትና ከ80 እስከ 120 ጂን የሚመዝን ትልቅ ጎራዴ ማዞርም የዚሁ ፈተና ክፍል ነበሩ። ዒላማ ላይ የሚወረወርበት ቀስት ሌላ ነበር፤ ከዚያ የቀለለ፣ በፈረስ ላይ ሲሆን ደግሞ የባሰ የቀለለ። ፈተናው እስከ 1901 ስለቀጠለ ከመጨረሻው ዘመን የተረፉት ብዙ ከባድ ቀስቶች ለዚያ የተሠሩ ናቸው። አንድ ሰው ሙዚየም ውስጥ የ70 ኪሎ ቀስት አይቶ «ወታደሩ ሁሉ ይህን ይወረውር ነበር» ካለ ክብደት ማንሻውን ከሜዳው ሩጫ ጋር እያደባለቀ ነው።

የሚንግ ዘመን ጸሐፊው ሶንግ ዪንግሺንግ በ1637 ባሳተመው ቲያንጎንግ ካይዉ በተባለ የእጅ ሥራዎች መጽሐፍ ውስጥ የሰጠው ልክ ይሻላል፦ ብርቱ ሰው 120 ጂን ይስባል፣ ከዚያ ያለፈው የነብር ጉልበት ያለውና የማይበዛ ነው፤ መካከለኛው ከዚያ ከአሥር ሁለት ወይም ሦስት እጅ ይቀንሳል፤ ደካማው ግማሹን። በዘመኑ ጂን 120 ማለት ወደ 70 ኪሎ ነው፤ ግማሹ 35። ስለዚህ ገተር_ሙሉ የጠቀስከው 35 ኪሎ በሶንግ አነጋገር የደካማው ልክ ነው፣ ሆኖም ከልጅነቱ ሲስብ ላደገ ሰው። ዛሬ ከኦሎምፒክ ቀስት ለሚመጣ ጎልማሳ 35 ኪሎን በአውራ ጣት መሳብ የትከሻ ጅማት ማስቆረጥ ነው።

ገተር_ሙሉ፦

የፈተናውንና የሜዳውን መለየትህን እቀበላለሁ። እንደ መድረሻ ግን 35 ኪሎን አልተውም። የማንቹ ቀስት በ20 ኪሎና በ35 ኪሎ የተለያየ ባሕርይ አለው፤ 60 ግራም ፍላጻ በቅጡ የሚሸከመው ሁለተኛው ነው።

ባለአውታር፦

እንደ መድረሻ፣ እስማማለሁ። እንደ መጀመሪያ፣ አይሆንም። 35 ወይም 40 ፓውንድ ይዞ ስበቱን፣ የአውራ ጣት ቀለበቱንና አለቃቀቁን ያስተካክል፤ ከዚያ በየጊዜው 5 ፓውንድ ይጨምር።

ሮማን_ዘቅርስ፦

የቀንድና የጅማቱን ጥያቄ እኔ ልመልስ፤ የአቡዳቢው ነገርም እዚሁ ስለሚገባ።

እውነተኛው ቀስት አራት ንብርብር ነው። መካከሉ ቀርቀሃ፣ ሆዱ (ወደ ወርዋሪው የሚያየው) የጎሽ ቀንድ፣ ጀርባው ጅማት፣ ከላይ ከእርጥበት የሚከላከል የበርች ዛፍ ልጥ። ጆሮው የእንጆሪ እንጨት። የሚያያይዘው ከዓሣ ፊኛ የሚቀቀል ሙጫ ነው። የዡ ሥርወ መንግሥት የእጅ ሥራ መጽሐፍ ስድስት ነገር ይቆጥራል፦ እንጨት፣ ቀንድ፣ ጅማት፣ ሙጫ፣ ሐርና ላክ (ከዛፍ የሚገኝ ቅብ)። እንጨቱ በክረምት (በብርዱ ወራት) ይሰነጠቃል፣ ቀንዱ በፀደይ ይረጥባል፣ ጅማቱ በበጋ (በሞቃቱ ወራት) ይዘጋጃል፣ በመከር ይገጣጠማሉ ይላል። ወቅቱ ለሙጫውም ወሳኝ ነው፤ በሚረጥብ አየር ጅማት ለጥፈህ አይደርቅም፣ በጣም በደረቀው ደግሞ ሳይጠጣ ይሰነጠቃል። ዛሬም ቤጂንግ ያለው ጁዩዋንሃው የሚባለው የያንግ ቤተሰብ አውደ ጥናት፣ በ2006 በአገሪቱ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ የገባው፣ አንዱን ቀስት ለመጨረስ ወራት ይፈጅበታል። ዋጋው ውድ የሚሆነው በዚህ ነው እንጂ በስሙ አይደለም።

የእንስሳ ሙጫ እርጥበት ይጠጣል። ሶንግ ራሱ የቀስት ዋና ጠላት ሻጋታና እርጥበት ነው ብሎ፣ የጦር አለቆች ቤት ውስጥ ከሥሩ ከሰል የሚነድበት ማድረቂያ ቁም ሣጥን እንደሚያኖሩ ይጽፋል። አቡዳቢ ላይ ችግሩ መቀያየሩ ነው፦ ውጪው በበጋ ጠብ የሚል እርጥበት፣ ቤት ውስጥ ኤሲው ያደረቀው አየር። ቀንድና ጅማት አንድ ልክ አያብጡም፣ አንድ ልክ አይሸበሸቡም፤ ክንፉ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሊጣመም ይችላል። ለቀንድ ቀስት ከ45 እስከ 55 በመቶ የአየር እርጥበት የሚጠብቅ የተዘጋ ሣጥን ከሌለህ አትግዛ። መለኪያዋ ርካሽ ናት፣ ሣጥኑ ውስጥ ትቀመጥ።

ፋይበርግላስስ? እርጥበት ምንም አያደርገውም፤ ሙቀት ግን ያደርገዋል። ንብርብሮቹን የያዘው ኢፖክሲ የሚባለው ሰው ሠራሽ ሙጫ ከ60 ዲግሪ በላይ መለስለስ ይጀምራል፤ በበጋ ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጡ ያንን በቀላሉ ያልፋል። በተለይ አውታሩ እንደተወጠረ መኪና ውስጥ የተተወ ቀስት ከጆሮው መጋጠሚያ ይከፈታል። ከቤት ወደ ሜዳ ስትሄድ አውታሩን አውልቀህ፣ አንተ በምትቀመጥበት ክፍል ይዘኸው ሂድ፤ ሻንጣ ማስቀመጫው ውስጥ አትክተተው።

አሮጌ ቀስት ወይም የአውራ ጣት ቀለበት መግዛት ከፈለግህ አንድ ማስጠንቀቂያ፦ በርኩማው ወይም ቀለበቱ የዝሆን ጥርስ ከሆነ ሳይተስ የሚባለው፣ ሊጠፉ የተቃረቡ እንስሳትና ዕፅዋትን ንግድ የሚቆጣጠረው ዓለም አቀፍ ስምምነት ይመለከተዋል፤ ያለ ፈቃድ ድንበር አያልፍም።

አናጺው፦

ሮማን ባለችው ላይ አንድ ልጨምር። «ፋይበርግላስ» ተብሎ የሚሸጠው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ክንፉ በሙሉ አንድ ወጥ ፋይበርግላስ ሆኖ የእንጨት ጆሮ የተገጠመበትና ቆዳ የተለበጠ ነው። ርካሽ ነው፣ አይሰበርም፣ ግን ክንፉ ከባድና ዘገምተኛ ነው። ሁለተኛው ቀጭን የቀርቀሃ ወይም የእንጨት ልባስ መካከል ሆኖ በሁለት ወገን ቀጭን ፋይበርግላስ የተለጠፈበት ነው። ይህኛው ይፈጥናል፣ እጅ አያንቀጠቅጥም፣ ግን ለጭረትና ለሙቀት ይሰጋል። በቆዳ ስለሚሸፈኑ በፎቶ አይለዩም። ሻጩን የክንፉን የጎን ፎቶ ያለ ቆዳ ጠይቀው። ንብርብሩ እንደ መስመር ይታያል፤ ካልታየ ወጥ ነው።

ሰገባ21፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ንብርብር የሆነውን ማንቹ፣ 168 ሴ.ሜ፣ «40 ፓውንድ በ32 ኢንች» የተጻፈበትን መረጥኩ። ሲደርሰኝ ምን ልመርምር? አውታሩን የማስገባቱ ነገር ይፈታተናል ይላሉ።

አናጺው፦

መጀመሪያ ስለ ጽሑፉ። 32 ኢንች 81 ሴ.ሜ ነው። ግን ከየት ተለክቶ? አንዳንዱ ከመያዣው ሆድ፣ አንዳንዱ ከጀርባው ይለካል፤ ልዩነቱ እስከ 4 ሴ.ሜ ይደርሳል። የምትስበው 87 ሴ.ሜ ከሆነ ደግሞ ጉልበቱ 40 ፓውንድ ላይ አይቆምም። በየኢንቹ ወደ 2 ፓውንድ ጨምር። የፍላጻህን ክብደት የምታሰላው በዚያ በጨመረው ነው።

ሲደርስህ አውታር ሳታስገባ መስኮት አጠገብ ይዘኸው በክንፉ ርዝመት አይተህ ሂድ። ከፋይበርግላሱ ሥር ነጭ ጉም ወይም ነጭ መስመር ካየህ ንብርብሩ ተላቋል። የጆሮውን መጋጠሚያ በጥፍርህ ዳስስ፤ ጥፍር የሚይዝ ስንጥቅ መኖር የለበትም። በርኩማዎቹን ነቅነቅ አድርጋቸው።

አውታር ማስገባት። ለእንግሊዝ ረጅም ቀስት የሚደረገውን፣ እግር በመካከል አስገብቶ በጭን መግፋቱን፣ በማንቹ ቀስት ላይ እንዳትሞክር። ረጅሙ ጆሮ ወደ ጎን ይጠመዘዛል፤ ክንፉ አንድ ጊዜ ከተጠማዘዘ ለሁልጊዜ ያስታውሳል። ሁለት ሰው ይሻላል፦ አንተ ተቀምጠህ የቀስቱን ጀርባ በጉልበቶችህ ላይ አጋድመው፣ ሁለቱን ክንፎች ከጆሮው በታች ይዘህ እኩል ወደ ራስህ ሳብ፤ ሌላው ሰው ጫፎቹን ያስገባ። ብቻህን ከሆንክ ማስገቢያ ገመድ ግዛ፤ ከጆሮው ጫፍ ላይ የሚደረገውን ዓይነት ሳይሆን ከቀስቱ ጉልበት (ከጆሮው መጋጠሚያ) በታች ክንፉን የሚያቅፈውን። የጫፍ ከረጢቱ በረጅም ጆሮ ላይ ይንሸራተታል። የቀንድ ቀስት ቢሆን ኖሮ በከሰል ሙቀት አለስልሶ፣ ክንፎቹን ጠማማ የእንጨት ቅርጽ ላይ አስሮ ነበር የሚገባው፤ ለአንተ ያ አያስፈልግም። በፋይበርግላስ ላይ እሳት አታሳይ።

አውታሩ ከገባ በኋላ፣ ሳትስብ፣ ከጫፍ ወደ ጫፍ በአንድ ዓይን ተመልከት። አውታሩ በሁለቱም በርኩማ መካከልና በመያዣው መካከል ማለፍ አለበት። ይህን ሳያይ የሚስብ ሰው ቀስቱ ይገለበጥበታል፤ አውታሩ ከበርኩማው ሲወርድ ክንፉ በአንድ ጊዜ ይጠማዘዝና ይሰነጠቃል። ፊት አጠገብ ነው ይህ ሁሉ የሚሆነው። አውታሩ ወደ ጎን ከሄደ ክንፉን በሁለት እጅ ይዘህ ወደ ተቃራኒው ቀስ ብለህ አጣምመው፣ ለአንድ ሰዓት እንደተወጠረ ተወው፣ እንደገና ተመልከት። አዲስ ቀስት ብዙ ጊዜ በዚህ ይስተካከላል። ካልተስተካከለ መልሰው። በሞረድ ጀምረህ ከሆነ ግን ሻጩ አይቀበልህም።

ዋስትናው ካለፈ ደግሞ፦ ክንፍ የሚያዘነብለው ወደ ደካማው ጎኑ ነው። ስለዚህ የሚሞረደው ጠንካራው ጎን ነው፣ የክንፉ ጠርዝ ላይ፣ በ240 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት፣ አሥር ጊዜ አሽተህ አውታር አስገብተህ እያየህ። ከደካማው ጎን ካነሣህ ጥፋቱን ታሰፋዋለህ። አቧራው ፋይበርግላስ ስለሆነ አፍንጫህን ሸፍን፣ ወረቀቱን በውሃ አርጥበው።

ከመያዣው እስከ አውታሩ ያለው ርቀት ሠሪው የሰጠው ልክ ይሁን፤ በዚህ ዓይነት ቀስት ብዙውን ጊዜ ከ16 እስከ 19 ሴ.ሜ ነው። ካነሰ አውታሩን ጠምዝዘህ አሳጥረው። ከዚያ በ50፣ በ60፣ በ70 ሴ.ሜ ሃያ ሃያ ጊዜ ሳብና ቀስ ብለህ መልስ፣ የሚንቋቋ ድምፅ ካለ አዳምጥ። ያለ ፍላጻ አትልቀቅ። አንድም ጊዜ።

ሮማን_ዘቅርስ፦

አናጺው በርኩማውን ስላነሣ፦ ሶንግም ይጠቅሰዋል። ከወፍራም የበሬ ቆዳ ወይም ከለስላሳ እንጨት እንደ ትንሽ የቼዝ ጠጠር ተቆርጦ፣ ቀንዱ ጫፍ ላይ ተቸንክሮና ተጣብቆ፣ አውታሩ ሲመለስ የሚመጣውን ግፊት እንዲቋቋም ይደረጋል ይላል። እኔ በዘመናዊው ላይም አንድ ሚሊ ሜትር ቆዳ በርኩማው ላይ እንዲለጠፍ እመክራለሁ። ጩኸቱን ይቀንሳል፣ አውታሩንም አይበላውም።

ሰገባ21፦

ቀለበቱስ? ሁለት ዓይነት አየሁ፤ እንደ ቱቦ ያለውና ምላስ ያለው።

ባለአውታር፦

ቱቦው የማንቹ ነው፤ ምላስ ያለው የቀደሙት ዘመናት። አውራ ጣት ቀለበት ለቻይና እጅግ የቆየ ነገር ነው፦ በአንያንግ በ1976 ከተቆፈረው የንግሥት ፉ ሃው መቃብር የወጣው የጄድ ቀለበት ከክርስቶስ ልደት በፊት ወደ 1200 ዓመት ገደማ ነው፣ የአውታሩም ስርጉድ አለበት።

ለጀማሪ ምላስ ያለውን ውሰድ። አውታሩ ሲለቀቅ የአውራ ጣቱን ሥጋ ይሸፍናል፣ ከየት እንደሚያዝም ራሱ ያሳያል። ቀዳዳው ሞላላ መሆን አለበት፦ ወደ ጎን አድርገህ ታስገባዋለህ፣ ከመገጣጠሚያው ካለፈ በኋላ ሩብ ዙር ታዞረዋለህ። ያኔ በጉልበት እንኳ በቀጥታ አይወጣም። በቀጥታ ከወጣ ሰፍቷል፣ አንድ ቀን ከአውታሩ ጋር ይበራል። ጣትህ ከሰዓት በኋላና በሙቀት ስለሚያብጥ ጠዋት ላይ ትንሽ ሰፋ ብሎ በቀጭን ቆዳ ሲሞላ ይሻላል።

አያያዙ፦ አውራ ጣት አውታሩን ያጥፋል፣ ሌባ ጣት በአውራ ጣቱ ጥፍር ላይ ይቆለፋል፣ የሌባ ጣቱ ጎን ፍላጻውን ቀስ ብሎ ወደ ቀስቱ ይገፋል። ፍላጻው ከቀስቱ በስተቀኝ ነው የሚያርፈው፤ በስተግራ ካደረግህ ስትስብ ይወድቃል። ከኦሎምፒክ ቀስት የሚመጣ ሁሉ እዚህ ላይ ነው የሚሳሳተው። በሌባ ጣት አብዝተህ ከገፋህ ፍላጻው ይጎብጣል፣ ወደ ግራ ይሄዳል።

ሽመል_ከአሶሳ፦

እኔ ስለ ፍላጻው ልጠይቅ። የቆላው ቀርቀሃ፣ ሽመሉ፣ ውስጡ ድፍን ነው። ለዚህ ቀስት ይሆናል? የተገዛ ካርቦን ይሻላል?

አናጺው፦

ይሆናል፣ ያውም ለከባድ ፍላጻ ጥሩ ነው። ግን እንዳለ አይደለም፣ ወፍራም ስለሆነ ተሰንጥቆ ነው። ቢያንስ ሦስት ዓመት የሞላውን ቁረጥ፤ ለጋው ሲደርቅ ይጨማደዳል። ሰንጥቀህ 12 ሚ.ሜ በ12 ሚ.ሜ ዘንግ አድርገው፣ ጥላ ሥር ከመሬት አንሥተህ ለወራት አድርቀው፣ ከዚያ በመላጊያ መጀመሪያ አራት፣ ቀጥሎ ስምንት ማዕዘን፣ በመጨረሻ ክብ አድርገው። አንጓዎቹን አትብላቸው፣ ለስልሰው ብቻ፤ አንጓ ላይ የተበላ ዘንግ ከዚያው ይሰበራል። የጎበጠውን ከከሰል በላይ አሙቀህ፣ ሳይጠቁር፣ በእጅህ አቅናውና እስኪቀዘቅዝ ያዘው። የቀርቀሃው ቆዳ ያለበት ጎን ይጠነክራልና በሁሉም ፍላጻ ላይ ያ ጎን ወደ አንድ አቅጣጫ ይሁን። አለዚያ አንዱ ወደ ግራ፣ አንዱ ወደ ቀኝ ይሄዳል።

በሒሳብ፦ 8 ሚ.ሜ ውፍረትና 90 ሴ.ሜ ርዝመት ያለው ድፍን ዘንግ 32 ግራም ገደማ ይመዝናል። 10 ግራም የብረት ጫፍ፣ ላባና ክር 4 ግራም ሲጨመር 46። በ9 ሚ.ሜ ዘንጉ ብቻ 40 ግራም ነው። ለሰገባ21 የ40 ፓውንድ ቀስት ከ31 እስከ 36 ግራም ይበቃ ነበር፤ 46ቱ ቀስቱን አይጎዳም፣ ግን ቶሎ ይወርዳል። ለ55 ፓውንድ ልኩ ነው።

በካርቦን ከሆነ አብዛኛው ዘንግ 84 ሴ.ሜ ላይ ያበቃል፤ 4 ሴ.ሜ ቀንሰህ 80 ሴ.ሜ ስበት ብቻ ይፈቅድልሃል። የምትስበው ከዚያ በላይ ከሆነ ረጅም የሚሠሩትን ፈልግ ወይም ወደ ቀርቀሃ ሂድ። 84 ሴ.ሜ ካርቦን 18 ግራም ገደማ፣ የነሐስ ጫፍ 13፣ ላባና ሹካ (አውታሩን የሚነክሰው የፍላጻው ጀርባ) 3፦ 34 ግራም። በ500 ጥንካሬ (ዘንጉ ምን ያህል እንደሚታጠፍ የሚያሳየው፣ በላዩ የሚጻፈው ቁጥር) ጀምርና ያለ ላባ ወርውረህ ፈትን። ለቀኝ እጅ አውራ ጣት ወርዋሪ ጠንካራ ዘንግ ወደ ቀኝ፣ ደካማ ወደ ግራ ይሄዳል፤ የኦሎምፒኩ ተገላቢጦሽ ነው። ጠንካራ ከሆነ ጫፉን አክብድ፤ ደካማ ከሆነ ጫፉን አቅልል፣ ዘንጉን ግን ከአደጋው ልክ በታች አታሳጥር።

ላባው ሦስት፣ ረጅምና ዝቅ ያለ ይሁን፤ የማንቹ ፍላጻ ላባ የዘንጉን ሲሶ ይይዛል። የተርኪ ላባ በ20 ሴ.ሜ ይበቃል።

ገተር_ሙሉ፦

የፍላጻውን ሹካ አትርሱት። አውታሩን ነክሶ ፍላጻው ወደ ታች ተንጠልጥሎ መቆየት፣ አውታሩን በጣት ሲመቱት ደግሞ መውደቅ አለበት። ከላላ በስበት መካከል ይወጣና ያለ ፍላጻ መልቀቅ ይሆናል። ከጠበቀ አውታሩን እየጎተተ ይሄዳል።

ሰገባ21፦

የመጨረሻ ጥያቄ። አብሮ የሚመጣው አውታር ጫፎቹ የተቋጠሩ ለብቻ የሆኑ ቀለበቶች ናቸው። በአንድ ወጥ አውታር ልቀይረው?

ባለአውታር፦

አትቀይረው። የማንቹ አውታር ሦስት ክፍል የሆነው በምክንያት ነው። ቋጠሮው ልክ በርኩማው ላይ ያርፋል፣ አውታሩም ወደ ጎን እንዳይንሸራተት ይይዘዋል። ጫፉ ሲያልቅ የምትቀይረው ጫፉን ብቻ ነው። ቋጠሮው ከበርኩማው በላይ ወይም በታች ካረፈ ጫፉን ፈትተህ እንደገና ቋጥረው። መካከሉን ከቀየርክ ለ40 ፓውንድ ከዳክሮን (ጥቂት ከሚለጠጥ ሰው ሠራሽ ፈትል) 14 ክር ይበቃል። የማይለጠጠውን ዘመናዊ ፈትል ሠሪው ካልፈቀደ አታድርግበት፤ ጆሮው ጫፍ ላይ ያለውን እንጨት ይቆርጠዋል። ሶንግ የሚገልጸው የሐር አውታር ሃያ ምናምን ክር መካከል ሆኖ በላዩ ክር የተጠመጠመበት ነው፤ ጥምጥሙ በሦስት ክፍል ተከፍሎ በየመካከሉ ይቋረጣል፣ ሲወልቅ እጥፍ ተደርጎ እንዲቀመጥ። በሰሜን ከበሬ ጅማት ይሠሩት የነበረው ግን በበጋ ዝናብና ጉም ይላላ እንደነበር ጽፏል።

ወጥረህ ከ50 ውርወራ በኋላ የአውታሩን ርቀት እንደገና ለካ፤ ዳክሮን መጀመሪያ ላይ ይረዝማል። ከ16 ሴ.ሜ በታች ከወረደ ጠምዝዘው፣ ቋጠሮውም በርኩማው ላይ መሆኑን ሁለቱንም ጫፍ ተመልከት።